ጎህ ሲቀድ ያንጎራጎረችው ሟች

ንግስት ጓዴ የሞተችው ተንበርክካ ነው። እንዲያ ሆና አየናት የሚሉ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ በሩን በትከሻው የሰበረው ጊታር መቺዋ መሐሪ፣ ከኋላው የገባችው፣ መድረክ ላይ ዜማዋን የምትቀበላት ቤቲ፣ ከዚያም በስልክ የተጠራው ኢንስፔክተር ሀብቴ።

ነገሩ የሆነው ንፋስ መውጫ ከተማ ነው፤ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በኅዳር ወር። አገሩ ሁሉ በማግስቱ ለሚደረገው ኮንሰርቷ ሲሰናዳ፣ እሷ በእንግዳ ማረፊያው ጓሮ በኩል ባለችው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጉልበቷ መሬት ነክቶ፣ አገጯ ወደ ላይ ቀንቶ፣ አፏ እንደተከፈተ ቀርታለች። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው። ከክፍሉ መሀል የከሰል ማንደጃ አለ፤ ከሰሉ አመድ ሆኗል። በላዩ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተቀቀለበት ድስት ተጥዷል።

ሀብቴ የእስቴ ሰው ነው፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚበርድ። ሬሳ ባየ ቁጥር ኮፍያውን ያወልቃል፤ ባልደረቦቹ ይስቁበታል፣ እሱ ግን ልማዱን አልተወም። ዛሬም አወለቀ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀረበ። የታችኛው መስታወት ጥጉ ተሰብሮ መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል። እጁን ቢደቅንበት ነፋሱ ክንዱ ድረስ ዘለቀ።

«ይሄ ቀዳዳ ድሮም ነበር?»

«ነበር» አለች ቤቲ። «የማረፊያው ባለቤት በካርቶን ልድፈነው ቢላት እምቢ አለች። አየር ካላገኘሁ ድምፄ ይዘጋል አለችው።»

«ታዲያ በዚህ ሁሉ ነፋስ መሀል ከሰል እንዴት ሰው ይገድላል?»

 ሀብቴ ጎንበስ ብሎ ስባሪውን አየ። በሹሉ ጫፍ ላይ ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል። በጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አደረገው። ክሩ እዚህ ጋ ቀጠን፣ እዚያ ጋ ወፈር ይላል። በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወደ ሁለቱ ዞረ።

«ስሙኝ። አሁን አልጋዋ ላይ እናስተኛታለን። ሰው ከጠየቃችሁ፣ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ሞተች በሉ። ስለ መንበርከኳ ለማንም፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ። ደግሞ እስክትቀበር ድረስ ሁለታችሁም ከኔ አትለዩም።»

ንግስት ማን እንደነበረች ለማያውቅ ልንገር። የስማዳዋ ወገዳ ልጅ ናት። እናትና አባቷ በልጅነቷ ሞተውባት፣ እሷንና ወንድሟን ሞላን ያሳደጓቸው አክስታቸው እማማ ማሚቴ ናቸው። ማሚቴ ደግሞ በስማዳ ወደር የሌላቸው ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ እሳቸው ያልቆሙበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። ንግስት ገና ጥርሷን ሳትነቅል ከጎናቸው ቆማ ትቀበል ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ የምሽት ክበብ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ፒያኖ መቺ ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን አሰማት። «ይሄማ የአክስቴ ነው!» ብላ ጮኸች ይባላል። ያው ከሆድ የሚወጣ ትንፋሽ፣ ያው መሀል ላይ የሚሰበር ድምፅ፣ ያው አንዷ ስትጥለው ሌሎቹ የሚያነሡት ዜማ። ሙሾውንና ሶሉን አጋብታ ስትዘፍን አዲስ አበባ ጆሮዋን ቀሰረች። የመጀመሪያው አልበሟ አሳወቃት፣ ሁለተኛው አነገሣት። በሁለተኛው ላይ ያለው «ሙሉቀን» የሚለው ዘፈንማ ምኑ ይወራል! ሚኒባሱም፣ ባጃጁም፣ ሠርጉም «ሙሉቀን» ሆነ። ሰው የፍቅር ዘፈን ነው ብሎ እስክስታ ይወርድበታል። እውነቱን ለመናገር የሀብቴም ስልክ የሚጠራው በሱ ነው። ያን ጠዋት ሬሳው አጠገብ ቆሞ አለቃው ቢደውልለት፣ የሟቿ ድምፅ ከኪሱ ወጣ። ሳያነሣው አጠፋው።

ከሆስፒታል የተጠራችው ሐኪም ሊድያ ሬሳውን መርምራ ስትጨርስ «የከሰል ጭስ ነው፣ ጥርጥር የለውም» አለችው። «የሞተችውም ከእኩለ ሌሊት በፊት ነው።»

«ኧረ ምን ሲደረግ!» አለ በር ላይ የቆመው የማረፊያው ዘበኛ። «ጎህ ሲቀድ ስታንጎራጉር ሰምቻታለሁ እኮ! በጓሮ በኩል፣ ቀስ ብላ።»

«ተሳስተው ነው፣ አባቴ» አለች ሊድያ።

መሐሪ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አልተሳሳቱም። እኔም የሚቀጥለው ክፍል ነበርኩ፤ ሰምቻታለሁ። ደህና ናት ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።» ይህን ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ከተማውን አዳረሰ። ነፍሷ ናት፣ ሳትጠግብ የሞተች ነፍስ አትሄድም ተባለ። በጓሮው የሚያልፉ ሴቶች አማትበው ነበር የሚያልፉት። ሀብቴ በመናፍስት አያምንም፤ ግን ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሕልም አያይም ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ነገሩ እሱንም እረፍት ነሣው።

ጭራሽ የንግስት ወንድም ሞላ መርዶውን ሰምቶ ከነክላሹ ከወገዳ ደረሰ። ከሰሉን ከማዕድ ቤት ተሸክሞ ያስገባው መሐሪ እንደሆነ፣ በዋዜማውም ንግስት ክፍል ውስጥ ጭቅጭቅ እንደነበረ ነገሩት። በቃው።

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ሕግዎን ይዩ» አለ ሞላ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «እኔ እህቴ አፈር እስክትለብስ እታገሣለሁ። ከቀብሯ በኋላ ያ ልጅ በሕይወት አያመሽም።»

«አንተን ባስርህስ?»

«የአጎቶቼ ልጆች አሉ።»

እውነቱን ነው፤ አሉ። መሐሪም የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ልጅ ነው፤ የሚቆጩለት ወንድሞች አሉት። ሀብቴ አንድ ሬሳ ዘር ሲጨርስ ከአንዴም ሁለቴ አይቷል። ገዳዩን ከቀብሩ በፊት ካላገኘ፣ ስማዳና ታች ጋይንት ደም ሊቃቡ ነው።

መሐሪን አስቀምጦ ጠየቀው።

«ከሰሉን ማን አዘዘህ?»

«ራሷ። አክስቷ ከሄዱ በኋላ ጠርታ፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ ልታጠን ነው አለችኝ። በጣም ነው የገረመኝ። ንግስት እንኳን ከሰል፣ ሲጋራ ያጨሰ ሰው አጠገቧ አታስቀምጥም። ለድምፅዋ ስለምትፈራ።»

«ጭቅጭቁስ?»

«የጮኸው ማናጀሯ እንዳልካቸው ነው። ከእንግዲህ ‹ሙሉቀን›ን አልዘፍንም ስትለው።»

«ለምን አልዘፍንም አለች?»

 «ለኔ ነግራኛለች» አለ መሐሪ። «ግን ኮንሰርቱ እስኪሆን ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሞታለች እኮ! ክላሽ ተደግኖብሃል!»

«የሞተች ሴት መሐላ እንዴት ይፈርሳል፣ ኢንስፔክተር?»

ሀብቴ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። ከዚያ ደግሞ አንጀቱን በላው። «በል ውጣ፣ ግትር!» ብሎ አስወጣው።

እንዳልካቸው ጥቁር የቆዳ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ገባ። «ጮኼባታለሁ፣ አልክድም! ያለ ‹ሙሉቀን› ኮንሰርት ማለት ዶሮ የሌለው ፋሲካ ማለት ነው። ግን ጌታዬ፣ የምትታለብ ላም ማን ያርዳል? እንጀራዬ እኮ ናት!»

ሀብቴ ጃኬቱን በእጁ ዳሰስ አድርጎ አሰናበተው። የመሐሪንም ጥቁር ሹራብ አይቶታል፤ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ የፋብሪካ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ቤቲ ገባች። «አክስቷ ከሰዓት በኋላ መጥተው ነበር፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ» አለች። «ደስ የሚሉ እናት ናቸው፣ ዘፈን ግን አይወዱም መሰለኝ። ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ‹ሙሉቀን›ን ሲያሰማ በነጠላቸው ጆሯቸውን ሸፈኑ። እኔም ቀነስኩላቸው። ሳይመሽ ወደ ወገዳ ተመለሱ።»

«ሲመለሱ አይተሻቸዋል?»

«ከግቢው ሲወጡ አይቻለሁ።»

በማግስቱ ሬሳው ወደ ወገዳ ተጫነ። መንገዱ አንጀት ያላውሳል። ሀብቴ መሐሪንና ቤቲን በራሱ መኪና ይዞ ከኋላ ተከተለ። መሐሪን «ቅርብህ፣ ሂድ ወደ ቤትህ» ቢለው «ሳልቀብራት አልሄድም» ብሎት ነበር።

እማማ ማሚቴን ከለቅሶው ዳስ አጠገብ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኛቸው። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሴት ናቸው። ከራሳቸው እስከ እግራቸው ጥቁር ነው፤ ነጠላቸው ሳይቀር ጥቁር ተነክሯል። ከል የለበሱት ግን ለንግስት አልነበረም፤ የቀሚሳቸው ጫፍ በፀሐይ ብዛት ቡናማ ሆኗል።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እማማ።»

«አሜን ልጄ። መጣህልኝ፤ ስጠብቅህ ነበር። ከመቆሜ በፊት መጠየቅ አለብኝ። ምን ለብሳ ነበር? እንዴት ሆና ነው የሞተች?»

ሀብቴ አልገረመውም። እስቴም እንዲሁ ነው፤ ሙሾ የሚያወርድ ሰው የሟቹን መጨረሻ ጠይቆ፣ አጣርቶ ነው የሚቆመው። «አልጋዋ ላይ፣ እማማ። እንቅልፍ እንደወሰዳት። አልተሰቃየችም።»

ማሚቴ ረጅም ጊዜ ዐይኑን አዩት። «ተመስገን» አሉ።

«እርስዎ መቼ ተለዩዋት?»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪና ያዝኩ።»

«ይሄ ከል የማን ነው?»

«የሙሉቀን። የልጄ። የበሽሎ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ወሰደው፣ ሬሳውን እንኳ አልመለሰልኝም» አሉና ተነሡ። ሀብቴ የስልኩ ጥሪ ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ። ያን ሁሉ ጊዜ በኪሱ ተሸክሞት የዞረው የእሳቸውን ልጅ ሞት ነበር።

ለቅሶው ተሰለፈ። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን፣ ሬሳው ከመሀል። ማሚቴ ብቅ ሲሉ ሕዝቡ ጸጥ አለ። ስለ ልጅነቷ አወረዱ፣ ሴቶቹ ተቀበሉ። ስለ ስሟ አወረዱ፣ ሴቶቹ ተቀበሉ። ከዚያ ዐይናቸውን ጨፈኑና ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰበረ፦

«ለስላሳ ፍራሹ ተነጥፎ ሳለልሽ፣
መስኮት ሥር ምን ቀረሽ በጉልበት መዳኽሽ፣
አፍሽን ለነፋስ እንደ ጫጩት ከፍተሽ፣
ለሰው ያደልሽውን ትንፋሹን ለመንሽ።»

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ቤቲ ግን የመሐሪን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።  ጎህ ሲቀድ የተሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ ሀብቴ ያኔ ገባው፤ ምክንያቱም ዐይኑን ቢጨፍን ከፊቱ የቆመችው ንግስት ነበረች።

በስማዳ ለቅሶ የሚያቋርጥ ሰው የለም። ሀብቴ አቋረጠ። ሽማግሌዎቹ «ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» ብለው ተነሡበት፤ ለምኖ፣ እግዜርን ጠርቶ፣ ማሚቴን፣ ሞላን፣ መሐሪን፣ ቤቲንና እንዳልካቸውን ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ቤት አስገባቸው። ሞላ ክላሹን እንደያዘ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«አንድ በአንድ ልናገር» አለ ሀብቴ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። «የንግስት መስኮት ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳው ክፍት ቢሆን ኖሮ ከሰሉ አይገድላትም። ስለዚህ ሌሊቱን አንድ ሰው ከውጭ ደፍኖት፣ ጠዋት መልሶ ከፍቶታል። ሲጎትተው ግን መስታወቱ ክር አስቀርቶበታል።» ወረቀቱን ፈታ። «ይሄውና። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፣ ጥቁር የተነከረ። እንዳልካቸው የለበሰው ቆዳ ነው። መሐሪ የለበሰው የፋብሪካ ሹራብ ነው።»

«ከሰሉንስ ማን አስገባው?» አለ ሞላ።

«መሐሪ ተሸክሞ አስገባው፤ እህትህ ስላዘዘችው። ጥያቄው እሷን ማን አዘዛት ነው። ሲጋራ የሚሸት ሰው አጠገቧ የማታስደርስ ዘፋኝ፣ ከሰል አስገብተሽ ታጠኚ ቢሏት እሺ የምትለው ለማን ነው? ለማናጀሯ? ለጊታር መቺዋ? ይህን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ላበጀላት ሰው ብቻ ነው።»



«ጎህ ሲቀድ ዘበኛውና መሐሪ የንግስትን ድምፅ ሰሙ። ንግስት ግን ከሞተች ቆይታለች። ነፍስ አይደለም ያንጎራጎረው። ያንን ድምፅ ያስተማረቻት ሌላ ጉሮሮ አለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሄ አለ፦ ንግስት አልጋዋ ላይ አልሞተችም። ከመስኮቱ ሥር ተንበርክካ፣ አፏን ወደ ቀዳዳው ከፍታ ነው የሞተችው። ይህን የምናውቅ እኔ፣ መሐሪና ቤቲ ብቻ ነን። ሁለቱ ከኔ አልተለዩም። ለእርስዎ የነገርኩዎት ደግሞ አልጋዋ ላይ ብዬ ነው፣ እማማ።»

ሁሉም ወደ ማሚቴ ዞረ። አሮጊቷ አልደነገጡም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዘረጉት፤ ጥለቱ አጠገብ ተቀድዷል።

«እየዋሸኸኝ መሆኑን አውቄ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ዕድሜ ልኬን ስቆም ሙሾ ላይ ዋሽቼ አላውቅም። ዛሬም ልዋሽ ቆሜ ነበር። አፌን ስከፍት ግን አልጋ የሚለው ቃል እምቢ አለኝ።»

«ለምን?» አለ ሞላ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «እማማ፣ ለምን?»

«ሙሉቀን መቃብር የለውም። መቃብሩ እኔ ያወረድኩለት ሙሾ ነበር። እሷ በለቅሶው ቀን በስልኳ ቀድታ ወሰደችው። ወሰደችና ከበሮ አስመታችበት! ገበያ ስወጣ ልጄን ይጨፍሩበታል። ሠርግ ስጠራ ልጄን ይጨፍሩበታል። ተይ ብዬ ሰው ላክሁባት፣ መልስ የለም። በየቀኑ ይሞትብኛል፣ በየቀኑ ይጨፈርበታል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና መጸለዩንም ተውኩት። ታጠኚ፣ በሩን ቀርቅሪ፣ ተሸፋፍነሽ ተኚ አልኳት። በጓሮ ዞሬ ቀዳዳውን ደፈንኩ። ተኝታ ትሄዳለች ብዬ ነበር። ሲነጋ ነጠላዬን ስስብ፣ አፏን ከፍታ ከፊቴ አገኘኋት።» የተቀደደውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ። «ያኔ አንጎራጎርኩላት። ልጄ አይደለችም እንዴ?»

መሐሪ ከግድግዳው ተላቀቀ። «መሐላዬን ላፍርስ፣ ኢንስፔክተር» አለ። «እማማ፣ ንግስት ኮንሰርቱን እዚህ ያደረገችው ለእርስዎ ነበር። በማግስቱ እርስዎን ከሕዝቡ ፊት አስቀምጣ፣ ድንጋይ ተሸክማ ከእግርዎ ልትወድቅ ነበር። ዘፈኑን ለባለቤቱ መልሻለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳይዘፍነው ብላ ልትለምን ነበር። ዛሬውኑ ንገሪያቸው አልኳት። በሕዝብ ፊት የወሰድኩትን በጓዳ አልመልስም አለችኝ።»

ማሚቴ ሰሙት። እጃቸው ነጠላው ላይ ደርቆ ቀረ። «ያን ዕለት እኮ ሦስቴ ጉልበቴን ሳመችኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ምን ነክቷት ነው ብዬ ነበር።»

ሞላ ክላሹን አየ። መሐሪን አየ። ያሳደጉትን አክስቱን አየ።

«እኔስ» አለ፣ «አሁን ማንን ነው የምገድል?»

 ሞላ መሣሪያውን በአቅራቢያው ለቆሙት አዛውንት አስረከበና መሐሪን ክንዱን ያዘው። «ና፣ ወንድሜ። ቃሬዛውን እናንሣ።»

ሬሳው ከዳሱ ሲወጣ ሴቶቹ በልማድ ዐይናቸውን ወደ ማሚቴ ወረወሩ፤ ሌላ የሚያስጀምራቸው ሰው አያውቁምና። ማሚቴ ሀብቴ ባስጠራቸው ሁለት ፖሊሶች መሀል ቆመው አፋቸውን ከፈቱ። አንድም ቃል አልወጣም። ሕዝቡ ጠበቀ፣ ጠበቀና በዝምታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። አገር በድምፅዋ ያበደላት ንግስት ጓዴ ያለ ሙሾ ወደ መቃብሯ ወረደች።